የሌብል ፕሪንተር ሲያስቸግር፦ ሄዱን ከመቀየራችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሚኒማርኬት ባለቤት ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ የፕሪንተሬ ሄድ ሞቷል ተባልኩ። አዲሱ ስንት ነው?» ሄጄ ክዳኑን ከፈትኩት። ሄዱ ላይ፣ ማለትም ሙቀት እየሰጠ የሚያትመው ክፍል ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል የደረቀ ሙጫ ተለጥፋለች። ጥጥ፣ አልኮል፣ ሁለት ደቂቃ። አለቀ።

እንዲህ ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ ይደወልልኛል። ሄድ ውድ ዕቃ ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ፣ ቆሻሻው ወይም ሴቲንጉ ጋ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከርካሹ ነገር ጀምሩ።

ባዶ ወረቀት እያወጣ ነው

ይሄ ቀላሉ ነው። የሌብል ፕሪንተር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዳይሬክት ተርማል ይባላል። ቀለም የለውም፤ ሄዱ ወረቀቱን ሲያሞቀው ወረቀቱ ራሱ ይጠቁራል። ሁለተኛው ተርማል ትራንስፈር ነው፤ ሄዱ ሪበኑን፣ ማለትም ቀለም የተቀባውን ስስ ጥቅል፣ ያሞቅና ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል።

የወረቀቱን ፊት በጥፍራችሁ ፈጠን አድርጋችሁ ጫሩት። ጥቁር መስመር ከወጣ ወረቀቱ በሙቀት የሚጠቁረው ዓይነት ነው። ምንም ካልወጣ ሪበን ይፈልጋል፤ ሪበን በሌለው ማሽን ላይ እስከ ነገ ብታትሙ ባዶ ነው። ጥፍሩ መስመር አውጥቶም ባዶ ከሆነ ጥቅሉ ተገልብጦ ገብቷል ማለት ነው።

ባለ ሪበን ማሽን ባዶ ሲያወጣ ደግሞ ሪበኑ ተገልብጦ ይሆናል። አንድ ሌብል ላጡና የሚለጠፈውን ጎን በሪበኑ ሁለት ፊቶች ላይ በየተራ ነካ አድርጉት። ቀለም የለቀቀው ፊት ወደ ወረቀቱ መዞር አለበት። ወደ ሄዱ ከዞረ ቀለሙ ሄዱ ላይ ይቀልጣል፤ ያኔ ሪበኑን ማስተካከል ብቻ አይበቃም፣ ሄዱም መጽዳት አለበት።

ነጭ መስመር ከላይ እስከ ታች

ሰዉን በጣም የሚያስደነግጠው ይሄ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ሄዱ ማለት በአንድ መስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ማሞቂያዎች ነው። በብዛት የምናየው ባለ 203 ዲፒአዩ (በአንድ ኢንች 203 ነጥብ የሚያትመው) ማሽን በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 8 ማሞቂያ አለው። ያቺ የጤፍ ፍሬ የምታክል ሙጫ እንግዲህ ብዙዎቹን ባንዴ ትሸፍናለች። ሙቀቱ ወረቀቱ ጋ አይደርስም፤ ወረቀቱ ሲያልፍ በዚያ ቦታ ነጭ መስመር ይቀራል። መስመሩ ሁልጊዜ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው።

ማጽዳቱ እንዲህ ነው። ፕሪንተሩን አጥፉት፣ ገመዱንም ንቀሉት። ሲያትም ከቆየ አሥር ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ። የጆሮ ጥጥ 99 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አርሱ። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70 በመቶው ብዙ ውሃ አለበት፤ ሳኒታይዘር ጄል ደግሞ ግሊሰሪኑን ሄዱ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ሄዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋውን ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር ፈልጉ፤ ማሞቂያዎቹ እነሱ ናቸው። ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በአንድ አቅጣጫ ጥረጉት። ጥጡ ጠቁሮ ይወጣል። ቀይሩና ድገሙት፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ከዚያ ደርቆ ክዳኑ ይዘጋ።

ምላጭ ግን እንዳታስነኩት። ቢላም ብሎን መፍቻም ያው ነው። ማሞቂያዎቹን የሚሸፍነው መከላከያ ከፀጉር የቀጠነ ነው። አንድ ደንበኛዬ ሙጫውን በምላጭ ፍቆ አነሳና «ጸድቷል» ብሎ ላከልኝ። አንድ የነበረው ነጭ መስመር አምስት ሆኖ መጣ። ለዚያ ሰውዬ አዲስ ሄድ ሸጥኩለት፤ ደስ ግን አላለኝም።

ከጸዳ በኋላም መስመሩ እዚያው ካለስ? ከላይ እስከ ታች ጥቁር የሆነ ሌብል አትሙና እዩት። ክር የምታክል ነጭ መስመር እዚያው ቦታ ላይ ከቆመች ያ ማሞቂያ ሞቷል፤ ተመልሶ አይነሳም። ግን አንድ ማሞቂያ ስለሞተ ሄድ አይቀየርም። ዲዛይኑ ላይ ባርኮዱን ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ወደ ጎን አንሸራትቱትና መስመሩ ባዶ ቦታ ላይ ይውደቅ። ቦታ ከሌለ ባርኮዱን 90 ዲግሪ አዙሩት፣ ዘንጎቹ እንደ መሰላል ደረጃ እንዲተኙ። ያኔ ነጩ መስመር አንድን ዘንግ ከማጥፋት ይልቅ ሁሉንም ዘንጎች አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ይቆርጣቸዋል፤ ስካነሩ ከመስመሩ ጎን ያለውን ያነባል። በዚህ ዘዴ ከዓመት በላይ የሠራ ማሽን አውቃለሁ።

መስመሩ ቀጥ ያለ ሳይሆን ሰያፍ ከሆነ ግን ሄዱን ተዉት፤ ሪበኑ ተጨማዷል። አውጥታችሁ እንደገና ጠቅልሉት፣ በሁለቱም ጫፍ እኩል ይወጠር። ሪበኑ ከሌብሉ ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን። የጠበበ ከገዛችሁ የወረቀቱ ጠርዝ በቀጥታ ሄዱን ይፈትገዋል።

ፈዘዘብኝ

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚነካው የጥቁረት ሴቲንጉን ነው። ጨምረው ጨምረው ጫፍ ያደርሱታል። ከዚያ የባርኮዱ ዘንጎች አብጠው ይገናኛሉ፣ ስካነሩ እምቢ ይላል፣ የሄዱም ዕድሜ ያጥራል። እኔ መጀመሪያ ፍጥነቱን ነው የምቀንሰው፣ በሰከንድ ወደ 2 ወይም 3 ኢንች። ወረቀቱ ቀስ ካለ ለመሞቅ ጊዜ ያገኛል። ካልበቃ ጥቁረቱን አንድ በአንድ ጨምሩ፤ በየመሐሉ አንድ ሌብል እያተማችሁ በስካነር አስነብቡ። ዓይናችሁን ሳይሆን ስካነሩን እመኑ።

በአንድ ጎን ብቻ የፈዘዘ ከሆነ ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም ይሆናል። በሁለቱም ጎን ተጫኑት፤ «ቀጭ» ሲል ይሰማል፣ ሁለት ጊዜ።

ጽሑፉ በጣት ሲነካ የሚለቅ ከሆነ ሪበኑና ሌብሉ አልተስማሙም። ዋክስ የሚባለው ሪበን ለወረቀት ነው። ፕላስቲክ ነክ ሌብል ሬዚን ይፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው። አብዛኞቹ የጠረጴዛ ሌብል ፕሪንተሮች 24 ቮልት ይጠቀማሉ። ቻርጀሩ ሲጠፋ ሶኬቱ ገጠመ ተብሎ የላፕቶፕ ቻርጀር ይሰካል። እሱ 19 ቮልት አካባቢ ነው። ሕትመቱ ይፈዛል፤ ወይም ጥቁር የበዛበት ቦታ ሲደርስ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳል። ይሄን ካያችሁ መጀመሪያ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ሌብል ይዘላል፣ ወይም ሁለት ሌብል መሐል ላይ ያትማል

ማሽኑ ሌብሉ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው በሴንሰር ነው። ሴንሰሩ በሁለት ሌብሎች መካከል ያለችውን ክፍተት፣ አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር የሆነችውን፣ ብርሃን አሳልፎ ያያል። የተላጠ ሌብል ሴንሰሩ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ምንም አያይም። ክዳኑን ከፍታችሁ በስልክ መብራት ፈልጉት። የጎማ ሮለሩንም እያሽከረከራችሁ እዩ። ሙጫ ከያዘ ወረቀቱ ያዝ ለቀቅ ይላል፤ እሱም በአልኮል ይጸዳል።

ቀጥሎ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ላይ ያለው የሌብል ልክ። ካርቶኑ ላይ 40 በ30 ስለተባለ አትመኑ፣ በማስመሪያ ለኩት። ከዚያ ካሊብሬት አድርጉት፣ ማለትም ማሽኑ የሌብሉን ልክና ክፍተት ራሱ እንዲለካ አድርጉ። ዜብራ ጂኬ 420 በሚባለው ማሽን ላይ የፊድ ቁልፉን (ወረቀት የሚያስወጣውን) ተጭናችሁ ትቆያላችሁ፤ መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ሲል ትለቁታላችሁ። ጥቂት ሌብል ያወጣና ይቆማል። ሌሎቹ ማሽኖች የየራሳቸው አሠራር አላቸው፤ መመሪያቸውን እዩ።

በሥራ መሐል መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ሌብል ብትዛነፍ ግን ካሊብሬሽን አያስፈልግም። ፊዱን አንዴ ሁለቴ ተጫኑት፣ ቦታውን ያገኛል። መብራት ሲሄድ ገመዱን መንቀል ልመዱ፤ ሲመለስ ቻርጀር ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

ጽሑፉ ከጊዜ በኋላ ጠፋ

ዳይሬክት ተርማል ወረቀት ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ዘይትና አልኮል አይወድም። መስኮት ዳር ለሚደረደር ወይም ለዓመት መነበብ ላለበት ዕቃ ባለ ሪበን ነው የሚያዋጣው። ሌላ መላ የለውም።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ

ማሽኑ ውስጥ ከፋብሪካ የተጫኑት ፊደሎች አብዛኛውን ጊዜ የእኛን አይጨምሩም። ሶፍትዌራችሁ የማሽኑን ፊደል እንዲጠቀም ከታዘዘ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ይወጣል። ሌብል ዲዛይኑ ላይ ፊደሉን ወደ ኮምፒውተሩ ፊደል ቀይሩት፤ ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ ወይም ናያላ ይሠራል። ያኔ ጽሑፉ እንደ ሥዕል ሆኖ ነው ወደ ማሽኑ የሚሄደው፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ በትክክል ይወጣል።

ከዚያ የሚመጣው ችግር የፊደል መጠን ነው። ባለ 203 ዲፒአይ ማሽን ላይ 2 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ፊደል 16 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። የ«ቡ» ጎን ላይ ያለችው ጭረት አንድ ነጥብ ታገኛለች፣ አንዳንዴ እሷንም አታገኝም። አንድ ቡና የሚቆላ ሰው ከረጢቱን በሙሉ «በና» የሚል ሌብል ለጥፎበት አግኝቼዋለሁ። ቢያንስ 3 ሚሊሜትር አድርጉት፣ ደመቅ ያለውን ፊደል ምረጡ፣ ሺውን ከማተማችሁ በፊት አንዱን አውጥታችሁ ዲዛይኑን ላልሠራ ሰው አስነብቡት።