ሞተሯ ትጮኻለች፣ አትሄድም፦ ያረጀ ስፖርት ሞተርና ርካሽ ዘይት

ጅማ ውስጥ የምናያቸው ስፖርት ሞተሮች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ፐልሰር 180፣ ፐልሰር 220፣ አፓቼ አርቲአር። አንዳንዴ ደግሞ አራት ሲሊንደር ያላት የጃፓን ሞተር፣ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ፣ አጂፕ ሰፈር ብቅ ትልና ሕፃን አዋቂውን ታስቆማለች። ባለቤቶቻቸው ግን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ረከስ ያለ ዘይት የቱ ነው?" ጥያቄው አያሳፍርም። እኔም ለራሴ የምፈልገው እሱኑ ነው። የሚያናድደኝ፣ የሚጠየቀው ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው) ከተቃጠለ በኋላ መሆኑ ነው።

ከምልክቱ እንነሳ። የዘይት ልክ ማየት፣ የፍሪሲዮን ገመድ ማስተካከል፣ ካንዴላ መጥረግ ታውቃላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ።

ምልክት፦ ነዳጅ ስትሰጧት ድምፅ ብቻ ትጨምራለች

በብዛት የማየው ይሄን ነው። የቀሩት ሁሉ ተደምረው አያክሉትም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ወደ ጅረን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣውን ዳገት ያዙ። አራተኛ ማርሽ ላይ ሆናችሁ ነዳጁን ጠምዘዝ አድርጉት። ጤነኛዋ እያጉረመረመች፣ እየከበዳትም ቢሆን ትወጣለች። የታመመችዋ ግን የዙር መለኪያዋ ከ5 ሺህ ወደ 7 ሺህ ይዘላል፣ ፍጥነቷ 50 ላይ ተገትሮ ይቀራል። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ የሚመስል ሽታ ከእግራችሁ ሥር ይመጣል። እዚያው አቁሙ። "ቤት እስክደርስ ልግፋት" ያለ ሁሉ አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ገዝቷል።

የፍሪሲዮኑ ማንሻ ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ባዶውን የሚሄድ ከሆነ ገመዱ ልክ ነው። እንግዲያው ዘይቱን ጠርጥሩ።

መኪና ላይ የሞተር ዘይት ሞተሩን ብቻ ነው የሚያየው። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የራሱ ዘይት አለው። ማንዋል መኪና ከሆነ ፍሪሲዮኑም ደረቅ ነው። እኛ ጋ ግን ያቺው አንድ ሊትር ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታገለግላለች። ሸራዎቹ ዘይት ውስጥ ተነክረው፣ እርስ በርስ ተያይዘው መዞር አለባቸው። የዘመኑ የመኪና ዘይት ደግሞ፣ በተለይ መጨረሻው ላይ 20 ወይም 30 የሚል የውፍረት ቁጥር ያለው፣ ነዳጅ እንዲቆጥብ ማንሸራተቻ ኬሚካል ይጨመርበታል። ለመኪናው ሸጋ ነው። ለሸራው ግን በክረምት ጭቃ ላይ ሸበጥ አድርጎ እንደመሮጥ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ አፓቼውን እየገፋ መጣ። ዝናብ አበስብሶታል።

"ጋሼ፣ ሦስተኛ ሸራዬ ነው። የሚሸጡልን ሁሉ ፎርጅድ ነው።"

"ምን ዘይት ነው ያረግክባት?"

"እሱስ ምርጥ ነው! ሲንተቲክ ነው። አጎቴ ለቪትዙ የሚገዛው።"

ጠርሙሱን ከቦርሳው አውጥቶ አሳየኝ። በኩራት። 5ደብሊው-30። ገልብጬ ጀርባውን አሳየሁት። ክብ ምልክት አለ፤ የታችኛው ግማሹ ላይ በእንግሊዝኛ "ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ" ተጽፏል። ቆየት ባሉት ላይ "ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ" ነው የሚለው። ልጁ አነበበው።

"ቆጣቢ ማለት አይደል?"

"አዎ። ለአጎትህ ቆጥቦለታል።"

ስንፈታው ሸራው አላለቀም። ሁለት ሳምንቱ ነው ገና። ፊቱ ግን እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ በጥፍር ብትጭሩት ይንሸራተታል። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ ልስላሴውን አነሳሁለት፣ ዘይቱን ቀየርኩ፣ ሄደ። የቀድሞዎቹ ሁለት ሸራዎችም የተበሉት በዚያው ዘይት ነበር። ሻጩ ያለ ኃጢአቱ ተሰድቧል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ዘይቱን ሞቅ እንዳለ አፍስሱ። ፊልትሮ ካላት ቀይሩ፤ ወንፊት ብቻ ከሆነ እጠቡት። ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ ካገኛችሁት ሁሉ የረከሰውን ዘይት ሙሉና ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ንዱ። አጋሮ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስቴ ስትመላለሱ ሞላ። ከዚያ ያንንም ድፉት። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን የመጀመሪያው ዘይት እጥበት ነው። የድሮው ኬሚካል ሸራው ውስጥ ሠርጎ ስለሚቀር በአንድ ቅያሪ አይወጣም። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይድናሉ። ካልዳነች ክፈቷት። የሸራው ውፍረት ማኑዋሉ ከሚለው ካነሰ ይቀየር። ሸራውን የሚጫኑትን ሞላዎችም አስለኩ፤ ሙቀት ላይ ሲኖሩ ያጥራሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ ሸራ ከመገጠሙ በፊት በምትሞሉት ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይደር። ይደር ነው ያልኩት፣ አስር ደቂቃ አይደለም። ደረቅ ሸራ ገጥሞ "በል ሞክራት" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ሂዱ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ "ሞተር አለስላሽ" እየተባለ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ነገር አትጨምሩ። የአራት ሲሊንደሯ ባለቤት አንድ ጊዜ ጨመረ። በማግስቱ ሰኮሩ መንገድ ላይ ቆማ ቀረች። የእሱ ሞተር ከ3 ሊትር በላይ ነው የምትጠጣው፤ ሁለት ጊዜ አፍስሶ መሙላት ስንት እንደመጣበት እናንተው አስሉት። ዘይቱን ሲገዛ ግን ከባለሱቁ ጋር ለአምስት ብር ሲከራከር ነበር።

እንግዲህ የቱን እንግዛ?

የምርቱን ስም ተዉት። የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ። ጃሶ የሚባለው የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃ አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይት መለያ አወጣ። "ኤምኤ" የሚለው ሸራ አያንሸራትትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 ብለው ከፈሉት፤ ኤምኤ2 ይበልጥ ይይዛል። "ኤምቢ" የሚለው ስኩተር ለያዘ ሰው ነው። እናንተ አትንኩት።

ኤፒአይ የሚባለው ሌላው፣ የአሜሪካው መለያ ላይ "ኤስ" የቤንዚን፣ "ሲ" የናፍታ ነው። ከኤስ ቀጥሎ ያለው ፊደል ወደፊት በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ትውልድ ነው፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ለአሮጌ ሞተር ኤስጄ ወይም ኤስኤል በቂዋ ነው። ለመጨረሻው ፊደል ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ውፍረቱን በተመለከተ ጅማ ደግ አገር ናት። ሌሊቱ ቢበርድ ውሃ አይረጋም፣ ቀኑ ቢሞቅ እንደ አፋር አያቃጥልም። ስለዚህ በአየር ለምትቀዘቅዝ አሮጌ ፐልሰር ሚኒራል (ሲንተቲክ ያልሆነው ተራው) 20ደብሊው-50፣ ጃሶ ኤምኤ ያለው፣ ይበቃታል። አፓቼዎቹ ቀጠን ያለ ነው የሚወዱት፤ ማኑዋላችሁን እዩ። አራት ሲሊንደሯ 10ደብሊው-40 ይሁንላት፣ ግማሽ ሲንተቲክ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሙሉ ሲንተቲክ ግን ጓርኒሲዮኗ (ዘይት እንዳያፈስ መገጣጠሚያውን የሚዘጋው) ላረጀ፣ ዘይት ለምትጠጣ ሞተር መግዛት ብርን በማርሚታ ማጤስ ነው።

አሁን የቆጣቢዎችን ምስጢር ልንገራችሁ። ለአይሱዙ የሚገዛው 15ደብሊው-40 የናፍታ ዘይት የትም ሱቅ አይጠፋም፤ በጋሎን ሲገዛ ሊትሩ ይረክሳል። በአብዛኛው ማንሸራተቻ የለበትም። አንዳንዱ ጀርባው ላይ ጭራሽ ጃሶ ኤምኤ ተጽፎበታል። እንዲህ ያለውን ካገኛችሁ ሳታፍሩ ግዙ፣ ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ ተካፈሉት። እኔ የራሴ ፐልሰር ላይ ሁለት ክረምት ነድቼበታለሁ፤ ፍሪሲዮኑ አንድም ቀን አልተንሸራተተም። ጽሑፉ ከሌለበት ግን ዕድላችሁን እየሞከራችሁ ነው።

ከበርሜል እየተቀዳ በሃይላንድ የሚሸጠውን "40 ቁጥር"ስ? አይሆንም። ምን እንደሆነ የሚቀዳውም ሰው አያውቅም።

ምልክት፦ በተቀየረ በሳምንቱ ሞተሯ ትግላለች፣ ዘይቱ ቀጥኖ ውሃ መስሏል

ፎርጅድ ነው የተሸጠላችሁ። የጥሩ ዘይት ባዶ ጠርሙስ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ከእኛው ነው። አፍስሰን እንጥላለን፣ ቆራሌው ይሰበስባል፣ አንድ ቦታ ታጥቦ ተሞልቶ በአዲስ ክዳን ይመለሳል። አንድ ጊዜ ራሴ የገዛሁት ጠርሙስ ሥሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የታርጋ ቁጥር ነበረበት። እኔ ራሴ የደንበኛ ዘይት እንዳይደባለቅብኝ የምጽፈው ዓይነት! የእጅ ጽሑፉ የእኔ አልነበረም፤ ያም አላጽናናኝም።

ሲገዙ የክዳኑ ቀለበት ያልተበጠሰ፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ቆርቆሮ መሳይ ሽፋን በደንብ የተጣበቀ፣ የምርት ቁጥሩ በጣት ሲታሸ የማይለቅ መሆኑን እዩ። አፍስሳችሁ ስትጨርሱ ጠርሙሱን በሚስማር ብሱት። እኔ ጋራዥ በር ላይ ለዚሁ የተሰቀለ ሚስማር አለ። ከተሸወዳችሁ አትንዱበት፤ ዛሬውኑ ይፍሰስ።

ምልክት፦ ማርሽ ይከብዳል፣ ፎሌ (ማርሽ የማይገባበት ቦታ) አልገኝም ይላል

ዘይቱ ተቆራርጧል። የማርሽ ጥርሶች ዘይቱን ወፍራም የሚያደርገውን ነገር እየፈጩት፣ 40 ብላችሁ የገዛችሁት ቀስ በቀስ ወደ 30 ይወርዳል። በየ2 ሺህ፣ ቢበዛ በየ2 ሺህ 500 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ። ርካሹን ቶሎ ቶሎ የሚቀይር፣ ውዱን 6 ሺህ ከሚነዳበት ይሻላል። "ገና አልጠቆረም እኮ" አትበሉኝ። ቀለም ስለ ውፍረት አይናገርም።

የቀሩት በአጭሩ

ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል። በክረምት ከመርካቶ ቤት፣ ከቤት መርካቶ ብቻ የምትነዳ ሞተር ላይ ጤዛው ነው፤ ቀይሩና ረዘም ያለ መንገድ ንዷት። በውሃ የምትቀዘቅዝ ከሆነች ግን የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮኗን አስመርምሩ።

ጠዋት ስትነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ካለ የቫልቭ ጎማ ነው። ነዳጅ ሲሰጣት የሚጨስ ከሆነ የፒስተን ፋሻ (ቀለበቱ) ነው። ወፍራም ዘይት ጊዜ ይገዛላችኋል እንጂ አያድናትም።

የዘይት መብራት እየነዳችሁ ከበራ አጥፉ። አሁኑኑ። ግፏት።

ከሥር የምታንጠባጥብ ከሆነ የማፍሰሻው ቡሎን ነው። በረጅም ቁልፍ እስኪጮህ የሚያጠብቁት አሉ፤ ጥርሱ ይላጥና ኮፓው (የዘይት መያዣው) ይበላሻል። ሮንዴላውን በየቅያሪው አዲስ አድርጉ፣ ቡሎኑን ከነካ በኋላ ትንሽ ብቻ ጨምሩ። በክር ጠምጥሞ፣ በማስቲሽ ለጥፎ የሚሰጣችሁ ሰው ከባላንጣ አይለይም።

የአየር ፊልትሮው በዘይት ከራሰ ደግሞ ተርፎ ተሞልቷል። ዘይት በሊትር ስለሚሸጥ ሊትሩን ሙሉ ይገለብጡታል፣ ሞተሯ የምትፈልገው ከዚያ ቢያንስም። ሲበዛ አረፋ ሠርቶ በመተንፈሻው ይወጣል። ሞተሯን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና መስመሩ ላይ እስኪደርስ ቀንሱ። የተረፈው ሲጎድል መሙያ ይሆናል። ያንን ጠርሙስ ብቻ አትብሱት።