ደመወዝ ከማይከፍል ክለብ ጋር የሚደረግን የውል ክርክር እንዴት መምራት ይቻላል

አንድ ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተጫዋች ከክለቡ ባለቤት ጋር በውል ሲጣላ ተመልካቹ የሚያየው መግለጫውን፣ ቃለ መጠይቁንና ተጫዋቹ ከልምምድ የቀረበትን ቀን ነው። ክርክሩ የሚወሰነው ግን ከዚያ አስቀድሞ በተጻፉ፣ ወይም መጻፍ ሲገባቸው ሳይጻፉ በቀሩ ደብዳቤዎች ነው። ይህን የተረዳሁት በራሴ ኪሳራ ነው። ከአገሬ ውጭ እጫወትበት የነበረው ክለብ የሦስት ወር ደመወዜን ሲይዝብኝ በንዴት ለጋዜጠኞች ተናገርሁ፤ በሳምንቱም ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ውዝፉን የሦስት ወር ደመወዝ በመጨረሻ አገኘሁ፤ የቀሪው የ14 ወር ውል ዋጋ ግን ቀረብኝ፤ ምክንያቱም ክለቡ ከመሄዴ በፊት አንድም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዳልደረሰው፣ ሥራዬንም ጥዬ እንደጠፋሁ አስረዳ። ከዚህ በታች ያለው እኔ ማድረግ የነበረብኝ ነው።

ከሁሉ በፊት ውሉን ከነአባሪዎቹ አውጥቶ ማንበብ ይገባል። ወርኃዊው ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን መከፈል እንዳለበት፣ ማስታወቂያ በየትኛው አድራሻ እንደሚላክ፣ ክርክር ቢነሳ የትኛው አካል እንደሚዳኝ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። የውል ማፍረሻ መብት የጊዜ ገደብ ካለው ቀኑን በቃል መያዝ ይበጃል። ሊዮኔል ሜሲ በነሐሴ 2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባርሴሎናን በነጻ ለመልቀቅ ሲጠይቅ፣ ክለቡ የዚህ መብት ቀን በሰኔ 10 አልፏል ብሎ መለሰለት። የውድድር ዘመኑ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እስከ ነሐሴ መራዘሙ ያን ቀን ይለውጠዋል ወይስ አይለውጠውም የሚለው ጥያቄ በፍርድ ቤት ሳይፈተን ቀረ፤ የ700 ሚሊዮን ዩሮ የማፍረሻ ዋጋ ፊቱ ተደቅኖበት ሜሲ አንድ ዓመት ቆየ።

ቀጥሎ ማስረጃ ይሰበሰባል፤ የባንክ መግለጫ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የኢሜይልና የዋትስአፕ መልእክቶች። የመልእክት ምስል ሲነሣ ቀኑና የላኪው ስልክ ቁጥር መታየት አለባቸው።

አሁን ተጫዋቹ ክርክሩን ወደሚያሸንፍበት ወይም ወደሚሸነፍበት ደረጃ ደርሰናል፤ እርሱም የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ነው። የፊፋ የተጫዋቾች ምዝገባና ዝውውር ደንብ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ይሰጣል፤ ብዙ ተጫዋች፣ አንዳንድ ወኪልም ጭምር፣ ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። በክለቡ መቆየት ፈልጎ ገንዘቡን ብቻ የሚጠይቅ ተጫዋች የሚሄደው በአንቀጽ 12 ተደራቢ (12bis) ነው፤ ክፍያው ከ30 ቀን በላይ ካለፈ በኋላ ለክለቡ ቢያንስ የ10 ቀን ጊዜ በጽሑፍ ይሰጠዋል። ውሉን አቋርጦ ለመሄድ የሚፈልግ ግን የሚመራው በአንቀጽ 14 ተደራቢ (14bis) ነው፤ ይህ አንቀጽ በ2018 ሲጨመር ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በጊዜው አለመከፈሉን፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መሰጠቱንና ክለቡ ዕዳውን በሙሉ እንዲከፍል ቢያንስ 15 ቀን ማግኘቱን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ አስቀምጧል። በአገሩ የተጫዋቾችና የአሠሪዎች ማኅበራት የተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ካለ ከዚህ የተለየ ሊደነግግ ስለሚችል አስቀድሞ ማየት ይገባል። የ10 ቀን ደብዳቤ ጽፎ በ11ኛው ቀን ውሉን የሚያቋርጥ ተጫዋች አንቀጽ 14 ተደራቢ የሚሰጠውን ዋስትና በገዛ እጁ ይጥላል።

ደብዳቤው አጭርና ቁጥር የሞላበት ይሁን። የትኛው ወር፣ ስንት ገንዘብ፣ በየትኛው ቀን መከፈል ይገባው እንደነበር፣ በውሉ በየትኛው አንቀጽ መሠረት እንደሆነ፣ የ15ኛው ቀን መቼ እንደሚያበቃ፣ ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ፣ ካልተከፈለም ተጫዋቹ ውሉን በበቂ ምክንያት እንደሚያቋርጥ ይገለጽበታል። ስድብ፣ የአሰልጣኙ ጉዳይ፣ የደጋፊው ጩኸት በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ደመወዙ በየወሩ ሳይሆን በሌላ አከፋፈል የተወሰነ ከሆነ ከሁለት ወር ጋር የሚመጣጠነው መጠን ተሰልቶ ይቀርባል። ደብዳቤው በውሉ ላይ በተጻፈው የክለቡ ኢሜይል መላክ አለበት፤ በተጨማሪም በሚመዘገብ ፖስታ ቢላክ እመርጣለሁ። ለሥራ አስኪያጁ በእጅ ሰጥቶ መምጣት፣ ለባለቤቱ በስልክ ነግሮ በቃል መተማመን፣ በቡድን መሪው በኩል ማስላክ እኔ ያደረግኋቸው ነገሮች ናቸው፤ አንዳቸውንም ማስረዳት አልቻልሁም።

በእነዚያ 15 ቀናት ውስጥ ተጫዋቹ ልምምድ መሄዱን ማቆም የለበትም። ቀኖቹ ረጅም እንደሆኑ አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይ እየተጠየቁ ደመወዝ ለማይከፍል ሰው መሮጥ ያማል። ነገር ግን አንድ ቀን መቅረት ለክለቡ ጠበቃ የሚፈልገውን ምክንያት ይሰጠዋል። ክለቡ ለብቻ ልምምድ እንዲሠራ ቢያደርገው ወይም ከመልበሻ ክፍል ቢያስወጣው በየቀኑ በጽሑፍ ተቃውሞውን ያስመዝግብ፤ ተጫዋችን አስጨንቆ ውሉን እንዲለቅ ወይም እንዲለውጥ ለማድረግ የሚፈጸም በደል በአንቀጽ 14 መሠረት ራሱን የቻለ የማቋረጫ ምክንያት ነው። ክለቡ በ14ኛው ቀን ከዕዳው ከፊሉን ቢያስገባ ደንቡ የሚጠይቀው ሙሉ ክፍያ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሙሉውን ከከፈለ ግን በዚያ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ አይቻልም፤ ተጫዋቹም ወደ ሥራው ይመለሳል። ቀኑ ካለፈና ካልተከፈለ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ይህኛው ውሉ ከዛሬ ጀምሮ መቋረጡን በግልጽ የሚናገር ነው። ወራት እያለፉ ዝም ብሎ መቆየት በደሉን እንደመታገሥ ሊቆጠር ስለሚችል ማዘግየት አይገባም።

በዚህ መሐል ክለቡ ወረቀት እንዲፈረም ያቀርባል። የክፍያ ማራዘሚያ፣ የደመወዝ ቅነሳ፣ መልቀቂያ ለማግኘት ሲባል «ቀሪ ሒሳብ የለኝም» የሚል ማረጋገጫ፤ ሁሉም ጠበቃ ሳያያቸው ሊፈረሙ አይገባም። በዝምታ መተው ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ክርስቲያኖ ሮናልዶ በወረርሽኙ ጊዜ ከተራዘመ ደመወዙ 19.5 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ከጁቬንቱስ ሲጠይቅ የግልግል ዳኞች በ2024 የፈረዱለት የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ የማራዘሚያው ስምምነት ተፈርሞ ባለመጠናቀቁ እርሱም የጥፋት ድርሻ አለው ተብሏልና። የቃል ስምምነት ግን ክለቡንም አያድነውም። ኪሊያን ምባፔ ፓሪ ሳን ዠርማን ያልከፈለውን ሲጠይቅ ክለቡ ተጫዋቹ ገንዘቡን ለመተው ተስማምቶ ነበር ብሎ ተከራከረ፤ ይህን የሚያሳይ የጽሑፍ ስምምነት ግን አላቀረበም፤ የፓሪስ የሥራ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2025 ወደ 60 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፈለው ወሰነ።

ለጋዜጠኞች መናገርን በተመለከተ አስተያየቴ ጠንካራ ነው፤ የማቋረጫው ደብዳቤ ሳይላክ አንድ ቃል መናገር አያስፈልግም። ከዚያ በኋላም ቢሆን «ደመወዜ አልተከፈለኝም፣ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አቅርቤአለሁ» ከሚለው ማለፍ የለበትም። የእኔ ቃለ መጠይቅ ተተርጉሞ የክለቡ ማስረጃ ሆኖ ቀርቦብኛል፤ «ከዚህ ክለብ ጋር ጉዳዬ አብቅቷል» ማለቴ ውሉን ያፈረስሁት እኔ እንደሆንሁ ማሳያ ተደረገብኝ።

ክሱ የሚቀርብበትን ቦታ መለየት ቀላል ነው። ተጫዋቹና ክለቡ የተለያየ አገር ከሆኑ ጉዳዩ ወደ ፊፋ የክርክር መፍቻ ክፍል ሊሄድ ይችላል፤ የአንድ አገር ከሆኑ የአገሩ አካል ያየዋል። ተጫዋች ተከራካሪ በሆነበት ጉዳይ ፊፋ የዳኝነት ክፍያ አይጠይቅም። ጉዳዩ ከተፈጠረ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አይታይም። ከወኪል ይልቅ የአገሩን የተጫዋቾች ማኅበር ቀድሞ ማማከር የተሻለ መስሎ ይታየኛል፤ ወኪሉ ነገም ከዚያው ክለብ ጋር ሊሠራ ይፈልጋል። በክሱ ላይ ውዝፉ ብቻ ሳይሆን የቀሪው ውል ዋጋም ይጠየቅ። ተጫዋቹ አዲስ ክለብ ካገኘ የአዲሱ ደመወዝ ከካሣው ላይ ይቀነሳል፤ ውሉ የተቋረጠው በውዝፍ ዕዳ ምክንያት ሲሆን ግን በተቀነሰው ካሣ ላይ የሦስት ወር ደመወዝ ሊታከልበት ይችላል።

ውሳኔው መጀመሪያ ያለ ዝርዝር ምክንያት ሊደርስ ይችላል፤ ይግባኝ የሚፈልግ ወገን በ10 ቀን ውስጥ ምክንያቱን መጠየቅ አለበት፤ ይግባኙም በሎዛን ለሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በ21 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ውሳኔው ከጸና ክለቡ ለመክፈል 45 ቀን አለው፤ ካልከፈለ እስከ ሦስት የዝውውር ወቅት አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊታገድ ይችላል። ተጫዋቹ የባንክ ሒሳቡን በጽሑፍ ሳያሳውቅ ከቆየ ክለቡ ለመዘግየቱ ሰበብ ስለሚያገኝ የሒሳብ ቅጹ ውሳኔው በደረሰበት ቀን ተሞልቶ ይላክ።