ምጣዱ አልግል ሲል ጥፋቱ የማን ነው?

እናቴ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ቅዳሜ ዓይን የሌለው እንጀራ ማውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሊጡ ተጠረጠረ። ከዚያ ጠጋኝ ተጠርቶ የምጣዱን ሽቦ ሁለት ጊዜ ቀየረ። እንጀራው ግን ያው ነው። ቮልቴጁን (ኤሌክትሪኩን የሚገፋውን ኃይል) እና አምፔሩን (በሽቦው የሚያልፈውን ከረንት መጠን) ለክቶ ያሰላ ሰው አልነበረም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቮልቴጅን ለአምፔር ብታካፍሉ ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ሽቦው ከረንቱን ምን ያህል እንደሚያግደው፣ በኦም ታገኛላችሁ። ቮልቴጅን በአምፔር ብታባዙ ደግሞ ኃይሉን በዋት ታገኛላችሁ። የእናቴ ምጣድ ላይ 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት ተብሎ ተጽፏል። 3,500ን ለ220 ስናካፍል 15.9 አምፔር ይመጣል። 220ን ለ15.9 ስናካፍል ደግሞ 13.8 ኦም። ይህችን 13.8 ያዙልኝ፤ ምጣዱ ጤነኛ መሆኑን የምትነግረን እሷ ናት።

ምልክት፦ ምጣዱ ይሞቃል፣ ግን አይግልም

ምጣዱ እየሠራ ሶኬቱ ላይ ስለካ 180 ቮልት ሆነ። አምፔሩ 13 ነበር። 180ን ለ13 አካፍሉት፤ 13.8 ኦም። ሽቦው ምንም አልሆነም ማለት ነው፤ ሁለቱም ቅያሪዎች ያለ ጥፋቱ ነው የተደረጉት። ኃይሉ ግን 180 ሲባዛ በ13፣ 2,340 ዋት ብቻ ነው። ቮልቴጁ የቀነሰው 18 በመቶ ሲሆን ኃይሉ 33 በመቶ ወርዷል። ቮልቴጅ ሲወርድ አምፔሩም አብሮ ስለሚወርድ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ታዲያ ቮልቴጁ የት ጠፋ? ይህን ለማወቅ ምጣዱ እየሠራ ከቆጣሪው መውጫ ላይ መለካት ያስፈልጋል። ያንን ለባለሙያ ተዉት። እኛ ቤት እዚያ የተገኘው 200 ቮልት ነው። ስለዚህ 20 ቮልት ከውጭ መስመሩ የጎደለ ነው። የቀረው 20 ቮልት የጠፋው ግድግዳው ውስጥ ነው። 20 ለ13 ሲካፈል 1.5 ኦም፣ 20 በ13 ሲባዛ 260 ዋት። እንጀራ መጋገር የነበረበት 260 ዋት ግድግዳችንን ሲያሞቅ ከርሟል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው፤ ይህን ስሰማ በጣም ነው የደነገጥኩት።

ስካቶላው፣ ማለትም ሽቦዎቹ የሚገናኙበት የግድግዳ ሳጥን፣ ሲከፈት ተጠምዝዘው በፕላስተር ብቻ የታሰሩ ሽቦዎች ጠቁረው ተገኙ። መብራቱ ከዋናው ጠፍቶ፣ የተቃጠለው ተቆርጦ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ሶኬቱ ላይ 198 ቮልት፣ 14.3 አምፔር፣ ማለትም ወደ 2,830 ዋት አገኘን። ዓይኑም ተመለሰ። ለውጭው ጉድለት ለመብራት ኃይል ማመልከት ነው። እስከዚያው ሰፈሩ ሁሉ በማይጋግርበት ሰዓት መጋገር ይረዳል። ለቴሌቪዥን የተገዛችውን ትንሽ ስታብላይዘር ግን ምጣድ ላይ እንዳትሞክሯት፤ አትችለውም።

ምልክት፦ ሽቦው እየተቀጠለ ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል

የተበጠሰውን ቆርጦ ማጠማዘዝ ሽቦውን ያሳጥረዋል። አንድ አሥረኛው ቢቀንስ 13.8 ኦም ወደ 12.4 ይወርዳል። አምፔሩ 17.7፣ ኃይሉ ወደ 3,900 ዋት ይደርሳል። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ይግላል፣ 16 አምፔር የሚችለው ሶኬትም ይጨነቃል። መቀጠል ትታችሁ ሙሉ ሽቦ አስቀይሩ። ነቅላችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ኦሙን በቴስተር (ቮልት፣ አምፔርና ኦም በሚለካው መሣሪያ) ለኩት፤ ወደ 13.8 ካልቀረበ ልኩ አይደለም።

ምልክት፦ ሶኬቱ ይግላል፣ የፕላስቲክ ሽታ አለ

የላላ ሶኬት ነው። 0.2 ኦም ብቻ ቢኖረው፣ የምጣዱን 15.9 አምፔር በራሱ አባዝታችሁ በ0.2 ስታባዙት 50 ዋት ይሆናል። ያ የትንሽ ብየዳ ካውያ ሙቀት ነው፣ ፕላስቲክ ውስጥ። ወዲያው ንቀሉት፣ ሶኬቱን አስቀይሩ። ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። በቀጭን ኤክስቴንሽን አይጋገርም።

ምልክት፦ ስሌቱ ራሱ እንግዳ ቁጥር ይሰጣል

ክላምፕ ሜትሩ (ሽቦውን በመንጋጋው አቅፎ አምፔር የሚለካው መሣሪያ) ዜሮ ካሳየ ሁለቱንም ሽቦ አንድ ላይ አቅፎ ይሆናል። የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት ይጣፋል። አንዱን ሽቦ ብቻ ያቅፍ። የ100 ዋት የድሮ አምፖል በስሌት 484 ኦም ሆኖ፣ በቴስተር ሲለካ ግን 40 አካባቢ ቢያሳይ አምፖሉ አልተበላሸም። ክሩ ሲግል ነው ሬዚስታንሱ የሚጨምረው። ፍሪጅና ሞተር ላይ ደግሞ ቮልት በአምፔር ማባዛቱ ከእውነተኛው ዋት የበለጠ ቁጥር ይሰጣል፤ ይህ ስሌት በትክክል የሚሠራው ለምጣድ፣ ለምድጃና ለካውያ ነው።

አንድ ነገር አደራ። የቴስተሩ ቀይ ገመድ አምፔር መለኪያው ላይ እንደተሰካ ሶኬት ውስጥ አታስገቡ። ቴስተሩ እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ምልክት፦ ከአገር ቤት የሄደው ምጣድ አሜሪካ ለብ ብሎ ይቀራል

እዚያ ያለው ተራ ሶኬት 120 ቮልት ነው። 120 ለ13.8 ሲካፈል 8.7 አምፔር፣ ኃይሉ ወደ 1,040 ዋት። ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። መፍትሄው እዚያው ያለው የ240 ቮልት መስመር ነው፣ ለምድጃ ወይም ለልብስ ማድረቂያ የሚዘረጋው፤ ሶኬቱንና ብሬከሩን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ያስተካክለው።

በተቃራኒው፣ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው 120 ቮልት፣ 1,200 ዋት የውሃ ማፍያ ሬዚስታንሱ 12 ኦም ነው። እዚህ 220 ላይ ሲሰካ 18.3 አምፔር፣ ከ4,000 ዋት በላይ ይስባል። አብሮት የመጣው አዳፕተር የሶኬቱን ቅርፅ እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። ከመሰካታችሁ በፊት ከሥሩ የተጻፈውን አንብቡ፤ 120 ብቻ ካለ አትሰኩት።