ትንሽ አገር ከማን ጎን እንደምትቆም ለማወቅ

ደሴ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ፊንላንድ ለምን ኔቶ ገባች?» ሲሉኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት ካርታ እዘረጋለሁ። አንተም ከዚያ ጀምር። ድንበሩን በክር ለካ፤ ከሩሲያ ጋር 1,340 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዋሰናለች። (እኔ የእናቴን ፈትል ነው የምጠቀመው፤ ሲባጎ ጠመዝማዛውን አይከተልልህም።)

ቀጥሎ ያለፉትን ጦርነቶች ፈልግ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1939 በሶቪየት ተወርራ በማግሥቱ ዓመት ቪቦርግን ጨምሮ ብዙ መሬት አስረከበች። በ1948 ከዚያችው ጎረቤት ጋር የወዳጅነት ውል ፈርማ ለአሥርት ዓመታት ከኔቶ ራቀች። ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ብልጠት እለዋለሁ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬን ላይ በሙሉ ኃይሏ ስትዘምት ስሌቱ ተገለበጠ፤ በ2023 ኔቶ ገባች።

ውሉን ራሱን ሳታነብ ደግሞ አትፍረድ። እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ በእኛ 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን አስታውስ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መነጋገር ይችላሉ ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነበር። ሁለቱን ቃላት ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እጽፋቸዋለሁ።

የመሪዎችን ንግግር መጨረሻ ላይ ተመልከተው። አርሜኒያን ስታጠና መጀመሪያ ጉምሪ ያለውን የሩሲያ ጦር ሰፈር በቀይ እስክሪብቶ አክብበው።