ተምሳሌትና ሞቲፍን እንዴት መለየት ይቻላል?

እነዚህን ሁለት ቃላት የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። አይፈረድበትም። ሁለቱም ከራሱ አልፎ ሌላ ትርጉም ስለተሸከመ ነገር ነው የሚያወሩት። ተምሳሌት የምንለው (ትእምርት የሚሉትም አሉ) አንድ የሚታይ ነገር የማይታይ ሐሳብን ወክሎ ሲቆም ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎም ሥራውን ሊሠራ ይችላል። ሞቲፍ ግን ካልተደጋገመ ሞቲፍ አይደለም። እየተመላለሰ የድርሰቱን ጭብጥ (ዋና ሐሳብ) የሚያጠነክር ምስል፣ ቃል ወይም ድርጊት ነው።

ትርጉሙን መሸምደድ ብዙ አያራምድም። አንድ ድርሰት ይዘን እንሞክረው። የሼክስፒርን ተውኔት «ማክቤዝ»ን እንውሰድ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። ማክቤዝ የሚባል አንድ የስኮትላንድ የጦር መሪ ሚስቱ ገፋፍታው ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን ይይዛል። ታሪኩ ይኸው ነው።

1. እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ። ሁለቴ ሦስቴ ያያችሁትን ነገር ሁሉ አስምሩበት። ገና ትርጉም አትፈልጉ። «ማክቤዝ» ላይ እርሳሳችሁ ቶሎ ቶሎ የሚያርፈው ደም ላይ ነው።

2. የት የት እንደመጣ በቅደም ተከተል ጻፉ። ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ላይ ደም የነከረው አንድ ቁስለኛ ወታደር ከጦር ሜዳ መጥቶ ወሬ ያወራል። እዚያ ደም የጀግንነት ነው፤ ያስመሰግናል። ቀጥሎ ማክቤዝ በዓይነ ሕሊናው ደም ያንጠባጠበ ጩቤ ያያል። ከግድያው በኋላ እጁን እያየ ይህን ደም ውቅያኖስ እንኳ አያጥበውም ይላል። ሚስቱ ደግሞ ትንሽ ውኃ ይበቃናል ትለዋለች። ኋላ ላይ እሱ ራሱ ደም ውስጥ እንደሚሻገር ሰው ሆኖ ይናገራል፤ መመለሱም ወደፊት የመግፋቱን ያህል አድካሚ ሆኖበታል። ያው ደም ነው፤ ትርጉሙ ግን ከክብር ወደ ወንጀል ተንሸራቷል። ሞቲፍ ማለት ይሄ ነው።

3. አንዱን ቦታ ብቻ ነጥላችሁ «ይህ ነገር ምን ወክሎ ቆመ?» ብላችሁ ጠይቁ። አምስተኛው ገቢር (የተውኔቱ ትልቅ ክፍል) መጀመሪያ ላይ የማክቤዝ ሚስት፣ ሌዲ ማክቤዝ፣ ሌሊት ሻማ ይዛ ትነሣለች። ዓይኗ ተገልጧል፤ እሷ ግን እንቅልፍ ላይ ናት። እጇን ታሻለች፣ ታሻለች። እድፉ አልለቅ አላት። አንድ ሐኪም በጨለማው ቆሞ ያያታል። እጇ ላይ ምንም የለም! ያኔ ትንሽ ውኃ ይበቃናል ያለችው ሴት አሁን የሌለ ደም ይሸታታል። ያ እድፍ የጥፋተኝነት ስሜቷ ተምሳሌት ነው። ጲላጦስ እጁን መታጠቡን የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ የእጅ መታጠብን ትርጉም ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

እንግዲህ ደም ሁለቱንም ሆነ። ይሄ ግራ አያጋባችሁ። አንድ ነገር በመደጋገሙ ሞቲፍ፣ በአንድ ቦታ ላይ ሐሳብን በመወከሉ ተምሳሌት ሊሆን ይችላል። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው የግድ አንዱን መምረጥ አለብኝ ብሎ ነው።

4. ያገኛችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ደም ሞቲፍ ነው» ብቻ ብሎ ማቆም ባዶ ነው። «ደም ከጀግንነት ተነሥቶ የማይታጠብ ጥፋት እስኪሆን ድረስ እየተመላለሰ የሥልጣን ጥማትን ዋጋ ያሳያል» ካላችሁ ግን አንብባችኋል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ እዚያው «ማክቤዝ» ውስጥ ልብስ እንዴት እንደሚደጋገም ለብቻችሁ ሞክሩ። አንደኛው ገቢር ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ማክቤዝ ስለ ተውሶ ልብስ ሲናገር ታገኙታላችሁ። ከዚያ እርሳሳችሁን ይዛችሁ ተከተሉት፤ መጨረሻው አካባቢ የግዙፍ ሰው ልብስ በድንክ ሌባ ላይ ተንዘላዝሎ ይጠብቃችኋል።