ከፊኛ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በፊት፦ ሕመሙንና ጭንቀቱን እንዴት መያዝ ይቻላል

የሽንት ፊኛ ካንሰር እንዳለ ከተነገረበት ቀን አንሥቶ እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ ያለው ጊዜ ለብዙ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምናው ከራሱ ይልቅ ይከብዳል። ሽንት ቤት በገቡ ቁጥር በሽታው በዓይን ይታያልና። ሽንቱ ሲቀላ ካንሰሩ የባሰ፣ ሲጠራ ደግሞ የዳነ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን እውነት አይደሉም። የፊኛ ካንሰር እየቆመና እየተመለሰ የሚደማ በሽታ ስለሆነ፣ ትንሽ ዕጢ ብዙ ሊደማ፣ ወደ ጡንቻው የዘለቀ ዕጢ ደግሞ ለሳምንታት ምንም ላይደማ ይችላል። ከደሙ መጠን የበሽታውን ደረጃ ማወቅ አይቻልም። ደሙ የሚነግርዎ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልግ እንደሆነ ነው፤ በእነዚህ ቀናት ሊማሩት የሚገባው ዋናው ነገርም ይኸው ነው።

ሽንትዎን ሲመለከቱ

ጥቂት ጠብታ ደም የመጸዳጃውን ውኃ በሙሉ ሊያቀላው ስለሚችል፣ እዚያ ውስጥ የሚታየው ቀለም ከልኩ በላይ ያስደነግጣል። ብርሃን በሚያሳልፍ ንጹሕ ዕቃ ተቀብለው በቀን ብርሃን ቢያዩት ይሻላል። ቀኑን፣ ቀለሙን፣ የረጋ ደም መኖር አለመኖሩንና ስንት ጊዜ ሌሊት እንደተነሡ በአንድ መስመር ይጻፉ። ይህን በቀን አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል፤ በየሽንቱ መመርመር ለሐኪሙ የሚጨምረው መረጃ የለም፣ ለጭንቀቱ ግን ስንቅ ይሆነዋል። ቀይ ሥር ከበሉ ወይም ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሽንትዎ ያለ ደምም ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሱ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሽንት እያጣደፈ አልወጣ ሲልና ከእምብርት በታች ያለው ሆድ ሲወጠር ነው፤ ይህ የሚሆነው የረጋ ደም መውጫውን ሲዘጋው ስለሆነ፣ «ውኃው ይገፋው ይሆናል» ብሎ ብዙ መጠጣት ፊኛውን ይበልጥ ከመወጠር በቀር የሚፈይደው የለም። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ወፈር ያለ ካቴተር (በሽንት ቧንቧ የሚገባ ቱቦ) አስገብተው የረጋውን ደም ያጥቡታል፣ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይቀላል። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፣ ብርድ ብርድ ሲል፣ ጎን ላይ ጠንካራ ውጋት ሲሰማ፣ ሽንቱ ወፍራም ደም ሆኖ አልቆም ሲል፣ ወይም ከደሙ ጋር ማዞር፣ የልብ መምታትና ትንፋሽ ማጠር ሲመጣ ደግሞ እንዲሁ በቶሎ መታየት ያስፈልጋል። ከዚህ ውጪ ያለው፣ ማለትም ፈካ ያለ ሮዝ ቀለም፣ አልፎ አልፎ የሚወጣ ትንሽ የረጋ ደም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ የሚያስቸግር ቢሆንም ተመዝግቦ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚነገር ነው።

ማጣደፉንና ማቃጠሉን ማቅለል

ሽንት ቤት መመላለሱ ሲያታክት ብዙ ሰው ውኃ መጠጣት ይቀንሳል፤ ይህ ግን የተገላቢጦሽ ይሆናል። የተከማቸ ሽንት ፊኛውን ይበልጥ ያቃጥላል፣ ደሙም በቀላሉ ይረጋል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮብዎ ፈሳሽ እንዲቀንሱ ካልተነገረዎ በቀር፣ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር የሚሆን ፈሳሽ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይጠጡ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሰዓታት ግን ይቀንሱ። ቡና፣ ጠንካራ ሻይ፣ አልኮልና ጋዝ ያላቸው መጠጦች ማጣደፉን የሚያብሱባቸው ሰዎች አሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመተው አንዱን ለጥቂት ቀናት ትተው ለውጡን በማስታወሻዎ ላይ ይዩት። የሆድ ድርቀትም ፊኛውን ስለሚጫን ችላ አይበሉት።

የማቃጠል ስሜት ከዕጢው ሊመጣ፣ ከኢንፌክሽንም ሊመጣ ይችላል። የሚለየው የሽንት ምርመራ ስለሆነ ቤት የተረፈ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይውሰዱ። ለሕመም አብዛኛውን ጊዜ ፓራሲታሞል ይመረጣል፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ መድማትን ሊጨምሩና ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን በተመለከተ ግን ስሕተቱ በሁለቱም በኩል አደገኛ ነው። አስፒሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ለቀዶ ሐኪሙም ለማደንዘዣ ባለሙያውም ይንገሩ፤ ደሙን አይተው በራስዎ ውሳኔ ቢያቆሙት ደም በልብ፣ በአንጎል ወይም በሳንባ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚቀጠል የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

ጭንቀቱ

«አይዞህ፣ አትጨነቅ» የሚለው ምክር ከቅን ልብ ቢመጣም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጠቅም አይደለም። የሚሻለው ጥያቄዎቹን መለየት ነው። አንዳንዱ ጥያቄ ዛሬ መልስ አለው፦ ማደንዘዣው ምን ዓይነት ነው? ካቴተሩ ስንት ቀን ይቆያል? ሥራ መቼ እመለሳለሁ? እነዚህን ጽፈው ይጠይቁ፤ መልሱን የሚጽፍልዎ አንድ ሰው ይዘው ቢሄዱ ደግሞ የሰሙት ነገር ከደጅ ሳይወጡ አይጠፋብዎትም። ሌላው፣ «ምን ያህል ሥር ሰዷል?» የሚለው፣ ለሐኪሙም ገና ሙሉ መልስ የሌለው ነው። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ሆድ አይከፈትም፤ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በሽንት ቧንቧው ገብቶ ዕጢውን እየላጠ ያወጣዋል። ዕጢው ወደ ጡንቻው መድረስ አለመድረሱ የሚታወቀው የተወሰደው ናሙና በፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ በሚደረግ ምርመራ) ከታየ በኋላ ነው። ሐኪሙ «ውጤቱን እንጠብቅ» ሲል የሚደብቅዎ ነገር አለ ማለት አይደለም። አዲስ ከሚገኙት የፊኛ ካንሰሮች ሦስት አራተኛው ያህል ጡንቻው ጋር ያልደረሱ ናቸው። ለአንዳንዶች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ መላጥ ይታዘዛል፤ ይህም የተለመደ አሠራር ነው።

የታቀደው ፊኛውን ማውጣት ከሆነ ጭንቀቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ሽንቱ ሆድ ላይ በሚሠራ መውጫ በኩል ወደ ከረጢት ይፈስሳል፣ ወይም ለአንዳንዶች ከአንጀት አዲስ ፊኛ ይሠራል። ለምን አንዱ እንደተመረጠልዎ ይጠይቁ። መውጫው የሚቀመጥበት ቦታ አስቀድሞ ሲለካ ቆመው፣ ተቀምጠውና አጎንብሰው ሳሉ እንዲያዩልዎ ይጠይቁ፣ ቀበቶ የሚያስሩበትንም ያመልክቱ፤ ከተቻለ ከረጢቱን ወስደው ጥቂት ውኃ ጨምረው ከልብስ ሥር ለአንድ ቀን ይሞክሩት። በሐሳብ ግዙፍ የነበረው ነገር እጅ ላይ ሲያዝ ልኩን ያገኛል። ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነትም ቀድመው ይጠይቁ፤ ቀዶ ሕክምናው የሚጎዳቸው ነርቮች ሊኖሩ ስለሚችሉ ማወቁ መብትዎ ነው፣ ሐኪሙ ግን እርስዎ ካላነሡት ላያነሣው ይችላል።

ትንባሆ የፊኛ ካንሰር ዋነኛ መንሥኤ መሆኑ ሲነገር የሚያጨስ ሰው ራሱን መውቀስ ይጀምራል። ወቀሳው ለማንም አይበጅም፤ ማቆሙ ግን ዛሬም ይጠቅማል፣ ሳንባው ማደንዘዣውን፣ ቁስሉም መዳንን የተሻለ ይችላሉና። በየቀኑ በአቅም መራመድ እንቅልፍንም ጉልበትንም ይረዳል። ዘመድ ሁሉ እየደወለ አንድ ታሪክ ደጋግመው እንዲያወሩ ካደረገዎ፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ወሬውን እንዲያደርስ ይወክሉ። ሁለት ሳምንት ያህል መብላትና መተኛት ካቃተዎ፣ ወይም ባልኖርኩ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነውና ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ወይም ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ትኩሳት፣ ሳል ወይም የሽንት ማቃጠል አዲስ ከጀመረዎ ቀጠሮው እንዳይሰረዝብኝ ብለው አይደብቁ፤ ኢንፌክሽን ባለበት ፊኛ ላይ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ባክቴሪያው ወደ ደም እንዲገባ መንገድ ይከፍታል። ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ከማደንዘዣው 6 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ሆስፒታሉ የተለየ ሰዓት ከሰጠዎ ግን የእነርሱን ይከተሉ። የመድኃኒቶችዎን ዝርዝር ከነመጠናቸው፣ ያንን የአንድ መስመር ማስታወሻዎንና ያልተመለሱ ጥያቄዎችዎን በአንድ ላይ አድርገው ይዘው ይግቡ።