ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ፦ ዕለቱን ቤት መግባት ወይስ ሆስፒታል ማደር? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕለቱን ውጡ ሲባል "አልጋ ስለጠበበ ሊያሰናብቱኝ ነው" ብሎ መደምደም። እብጠቱ ብቻ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ማደር አያስፈልግም። ሙሉ ጡት ተነስቶም ዕለቱን የሚወጡ አሉ። ከሌላ የሰውነት ክፍል ሥጋ ተወስዶ ጡት መልሶ ከተሠራ ግን ለቀናት መተኛት ግድ ነው።

ሁለተኛውና የከፋው ስህተት ስለ ቁስሉ ብቻ አስቦ ስለ መንገዱ አለማሰብ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ደም የመፍሰስ ስጋት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ የሚኖር ሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደረቱ ቢያብጥ ማን ያደርሰዋል? 907 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ይቻላል፤ የሰፈርዎን መንገድ ግን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሐኪሙ የሚያየው ካርድዎ ላይ የተጻፈውን ክፍለ ከተማ ብቻ ነውና ርቀቱን፣ መኪና መኖር አለመኖሩን፣ አብሮዎት የሚያድር ሰው ማን እንደሆነ ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ቀጠሮ ይንገሩት። ብቻዎን የሚያድሩ ከሆነ ማደሩን ራስዎ ይጠይቁ፤ አያሳፍርም። (አራተኛ ፎቅ መውጣቱ ብዙም አያሳስብ፤ የተነካው እግር አይደለም።)

ድሬኑን (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያስወጣውን ቱቦ) በግምት መከታተልም አለ። ቱቦ ይዘው ከወጡ፣ ነርሷ እያየችዎት ራስዎ አንዴ ባዶ ያድርጉት፤ ጫፉ ላይ ያለውን ፈሳሽ መያዣ ጨምቀው ካልዘጉት አይስብም። መጠኑን ጠዋትና ማታ ይጻፉ። ብዙ ሐኪሞች የሚያወጡት በቀን ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ስለሆነ "ትንሽ ነው የመጣው" ማለት አይጠቅማቸውም። ፈሳሹ ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ወደ ቢጫ መሄድ አለበት። ድንገት ትኩስ ደም ከሞላው፣ ደረቱ ከተወጠረ ወይም ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ማንሳት ይፈትናል። ባለ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ነው፤ ለሳምንታት ሌላ ሰው ያንሳው። ክንድን አጣጥፎ መቀመጥ ደግሞ ተቃራኒው ጥፋት ነው፤ ትከሻ ይደርቃል። የታዘዘልዎትን ቀላል እንቅስቃሴ ይሥሩ።

ጸበል መጠመቁ ቁስሉ እስኪደርቅ ይቆይ።

ጠያቂን አለመገደብ። ዕለቱን ቤት ገባች ከተባለ ሰፈሩ በሙሉ ይመጣል፣ ታማሚዋም ቡና ልታፈላ ትነሳለች። እኔን ከጠየቃችሁ፣ አንዳንዱን ሰው ሆስፒታል ማሳደር የሚያስፈልገው ለዚህ ብቻ ነው።

ማስታገሻውን ከሆስፒታል ሳይወጡ ይግዙ፤ ዳር ሰፈር ሌሊት ክፍት ፋርማሲ ማግኘት ያስቸግራል። አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ደም ሊያቀጥኑ ስለሚችሉ ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

ለመውጣት ሲቸኩሉ የሚረሳው የፓቶሎጂ (የወጣው ሥጋ የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት ነው። ቀጣዩን ሕክምና የሚወስነው እሱ ስለሆነ፣ መቼና ከየትኛው ክፍል እንደሚወስዱት በመውጫ ወረቀቱ ላይ ያስጽፉ።